ሩጫ የጀመረችው አህያና አጣዳፊው ቀበሮ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ጠፍቶ ምድሩ በተሰነጣጠቀበት ዓመት፣ የእንስሳቱ ኩሬ ሊደርቅ ተቃረበ። የተረፈው ውሃ ከሰፊው ሜዳ ማዶ ያለው ሐይቅ ብቻ ነበር። ሜዳው ደግሞ የአያ ጅቦ ነው፤ ሮጦ ካላመለጠው በቀር ማንንም አያሳልፍም። ሚዳቋዎቹ ምን ገዷቸው! ተፈትልከው ያልፋሉ። ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ተሸክማ ስታዘግም የኖረችው እመት አህዪት ግን ሮጣ አታውቅም። ኩሬው ሳይደርቅ ሩጫ ካልለመደች፣ ወይ ጥም ወይ ጅብ ይጨርሳታል።

ስለዚህ ጀመረች። መጀመሪያ እስከ ሾላው ዛፍ ሮጣ እያለከለከች ተመለሰች። እሱን ስትለምደው እስከ ሸለቆው አፋፍ ጨመረች። በሮጠች ማግስት ሁሉ እግሯን ለማሳረፍ ቀስ ብላ እየተራመደች ሣር ትግጣለች። በዚህ ምን የሚያስቅ ነገር አለ? ሚዳቋዎቹ ግን ሳቁባት! በተወለዱ ማግስት የሮጡ ሁሉ የጀማሪን ላብ ምን ብለው ያውቁታል?

በዚህ መሃል አያ ቀበሮ ብቅ አለ። ሆዳም!

«እመት አህዪት፣ አታፍሪም? ሌላው ከሐይቁ ጠጥቶ ሲመለስ አንቺ ዛፍ ትዞሪያለሽ?»

«ቀስ በቀስ እየጨመርኩ ነው፣ አያ ቀበሮ።»

«ቀስ በቀስ! ኩሬው ይጠብቅሻላ! ወኔ ያለው ዛሬውኑ ሐይቁ ይደርሳል። እረፍት የሰነፍ ነው!»

አህዪት እልህ ያዛት። ከሾላውም ከሸለቆውም አልፋ ጋለበች። ከሜዳው ወዲህ ካለው ኮረብታ ሥር ስትደርስ ጉልበቷ ከዳትና ቁጥቋጦ ውስጥ ዘጭ አለች። እግሯ አብጦ መነሳት አቃታት። ጥቂት ቆይቶ ከቁጥቋጦው ወዲያ ድምፅ ሰማች።

«አንተ ጅል! አህያዋስ? ጉበቷን ለእኔ ልታስቀርልኝ አልነበረም?» ቀበሮ ነው።

«የት አግኝቻት? ከኮረብታው ማዶ ትወድቃለች አላልከኝም? ማዶ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ!» አለ አያ ጅቦ።

«ወዲህ ብትወድቅስ?»

«ወዲህ አላልከኝማ!»

እየተጨቃጨቁ ሄዱ። ነፋሱ ጠረኗን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወስዶላት አህዪት ተረፈች።

አመሻሽ ላይ እያነከሰች ኩሬው ጋ ደረሰች። በእንስሳቱ ሁሉ ፊት ቀበሮን አፋጠጠችው።

«አንተ ከሀዲ! እረፍት የሰነፍ ነው ያልከኝ ለጉበቴ ብለህ ነው?»

ቀበሮ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ለወኔሽ ብዬ ነው እንጂ!» አለ።

«ተይው፣ ቀልዱን ነው» አሉ ሚዳቋዎቹ። ቀልድ! ነፍሷ ልትወጣ ነበር እኮ፣ እነሱ ቀልድ ይላሉ!

«እንግዲያው ቅደምና አሳየኛ!» አለችው አህዪት።

«እኔ መካሪ ነኝ እንጂ ሯጭ ነኝ እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ አህዪት የማንንም ወሬ አልሰማችም። እብጠቱ እስኪጎድል ተኛች፤ ከዚያ እንደገና ከሾላው ዛፍ ጀመረች። ኩሬው ሲጎድል እሷ ስትጨምር፣ ኮረብታውን ዞራ መመለስ ቻለች። ኩሬው ጭቃ ብቻ በቀረው ጠዋት ወደ ሜዳው ወጣች።

ሌሊቱን አጥንት ሲቆረጥም ያደረው አያ ጅቦ፣ ሆዱ እንደተነፋ ዘሎ ተከተላት። ጭራዋን ሊይዝ ምንም አልቀረውም። አህዪት ግን ጉልበቷን ገና ከመነሻው አልጨረሰችም ነበር፤ እሱ ማለክለክ ሲጀምር እሷ ጨመረች። አያ ጅቦ መሃል ሜዳ ላይ ተዘረጋ። አህዪት ሐይቁ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ጠጣች፤ አሁንም ጠጣች።

አያ ጅቦ ትንፋሹ ሲመለስለት በንዴት ወደ ኩሬው ሄደ። እዚያ ያገኘው ጭቃ የሚልሰውን ቀበሮ ብቻ ነበር።

«ያልከኝ ሥጋ የታለ?» ብሎ ጮኸበት።

ቀበሮ እግሬ አውጪኝ አለ። ያ ሁሉ ምክር ግን እግር አልሆነለትም፤ ጥቂት እንደሮጠ ትንፋሽ አጥሮት ወደቀ፤ ጅቡም በላው። እኔ በበኩሌ አላዘንኩለትም።

ከዚህ የምንማረው፣ ርቆ መሮጥ የሚቻለው ጥቂት ጥቂት እየጨመሩና እያረፉ እንደሆነ፣ የራሱን እግር ሳያነሳ «ዛሬውኑ ካልደረስሽ» እያለ የሚያጣድፍንም «እስቲ አንተ ቅደም» ማለት እንደሚገባ ነው።