ከወንዝ ማዶ የመጣችው እጅ

አቶ ባንትይርጉ የተባሉ አንድ የክልል ሹም ነበሩ። ከወንዝ ማዶ ያለው ሕዝብ «የድምፅ መስጫው ጣቢያ ራቀን፤ አንድ ወደኛ አምጡልን» እያለ ሦስት ዓመት ቢያስቸግራቸው፣ ጣቢያው ባለበት ከተማ አዳራሽ ስብሰባ ጠሩ። ነገሩን ባጭሩ ሊቀጩት አስበዋልና፣ ገና ሳይቀመጡ «ጣቢያው ሩቅ ነው የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አሉ።

አዳራሹን የሞላው የከተማ ሰው ነው። ከኋላ አንዲት እጅ ብቻ ወጣች፤ የአንዲት የማዶ ሸክላ ሠሪ እጅ ነበረች። ትናንት ጎህ ሲቀድ ተነስታ ዛሬ ረፋዱ ላይ መድረሷ ነው። የምትናገረውን መንገዱን ሙሉ ስታሰላስል ብትመጣም፣ ያን ሁሉ ሰው ስታይ ጠፋባት።

ሹሙ ፈገግ ብለው ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞሩ። «ጻፍ። ከሦስት መቶ ሰው አንድ። እሷም ብትሆን ይኸው ደርሳለች፤ ስለዚህ ጣቢያው ቅርብ ነው። የምትይው አለሽ፣ አንቺ ሴትዮ?»

ይህን ስትሰማ ምላሷ ተፈታ።

«ጌታዬ፣ የራቃቸውማ እዚህ መች ደረሱ? የእርስዎ አጠያየቅ እኮ አስተማሪ ክፍል ገብቶ ‹ዛሬ የቀራችሁ እጃችሁን አውጡ› እንደሚለው ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሹሙ ተቆጡ። «ታዲያ የቀሩትን የት አግኝቼ ልጠይቅ?»

«ቅርብ ነው ብለዋል አይደል? አሁን ከተነሳን በእርስዎ እግር ነገ ማታ እንደርሳለን» አለች።

አቶ ባንትይርጉ የተወለወለ ጫማቸውን ለአፍታ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቃለ ጉባኤ ያዡን፣ «ሰርዘው፤ ማዶ አንድ ጣቢያ ይከፈት ብለህ ጻፍ» አሉት።