ከድምፁ ኋላ የሮጠው ሰው

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ድምፁ ገደል የሚሻገር። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ ልጄ። «ስልኬ ላይ ያየሁትን ነው ሼር ያደረግሁት፣ ጽሑፉ የእኔ አይደለም፣ ውሸት መሆኑን ስሰማም ወዲያው አጥፍቼዋለሁ፤ ታዲያ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» ብለሽኛል። መልሱን በቀጥታ ብነግርሽ ትከራከሪኛለሽ። ስለዚህ አስቀድመሽ የዚህን ገበሬ ነገር ስሚኝ።

አገሩ በገደል የተቆራረጠ ነው። አንዱ አፋፍ ላይ ቆመሽ ማዶ ያለችውን ሴት ልብስ ስታሰጣ ታዪያታለሽ፤ በእግሬ ልሂድ ካልሽ ግን ገደሉን ወርደሽ፣ ወንዙን ተሻግረሽ፣ ዳገቱን እስክትወጪ ቀኑ ያልቃል። ስለዚህ ሰዉ ወሬውን የሚልከው በጥሪ ነበር። ሞት ሲሆን፣ ሠርግ ሲሆን፣ ከብት ሲጠፋ አንዱ አፋፍ ላይ ወጥቶ ይጣራል፤ ማዶ ያለው ይቀበልና ለሚቀጥለው ማዶ ያስተላልፋል። ሰው ቁርሱን በልቶ ሳይነሳ መርዶው ስንቱን ገደል ተሻግሮ ይደርስ ነበር።

የዚህ ገበሬ ቤት መካከለኛው አፋፍ ላይ ነው። ከፀሐይ መውጫ የመጣ ጥሪ ሁሉ ወደ ፀሐይ መግቢያ የሚያልፈው በእሱ አፍ ነበር። ድምፁ ወፍራምና ጥርት ያለ ነው፤ ደግሞም «ያልሰማውን አይጣራም» ይባልለታል። እሱ ሲጣራ ማዶ ያሉት «ሰምተናል» ብለው ይመልሱለታል። ያቺ «ሰምተናል» መጀመሪያ ደስ ትለው ነበር። በኋላ ግን ትርበው ጀመር። ጥሪ ሳይመጣ የዋለ እንደሆነ ቀኑ ባዶ ይሆንበታል። በሬዎቹን ትልሙ መሃል አቁሞ አፋፉ ላይ ይወጣል፤ ምንም ሳይሰማ ይመለሳል፤ ጥቂት አርሶ ደግሞ ይወጣል። ምሳ ቀርቦ ወጡ ሲቀዘቅዝ እሱ አንገቱን ወደ ገደሉ አዘንብሎ ይቀመጣል።

«እኔ የማወራው ከጎንህ ጋር ነው፤ ጆሮህ ከቤት ወጥቷል» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን።

«ሰው ሞቶ ቢሆንስ?» አላት።

«የሞተ እንደሆነ እህልህን እስክትውጥ ሞቶ ይቆይሃል።»

ሳቀ፤ ግን አንድ ጉርሻ ጎርሶ ተነሣ።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። ከእሱ ቤት ዝቅ ብሎ ባለው ጉብታ ላይ አንድ ጎልማሳ ቤት ሠራና መጣራት ጀመረ። ድምፁ እንደ ገበሬው ባይሆንም ፈጣን ነው። አንድ ሁለቴ ቀደመው። ማዶ ያሉት ለጎልማሳው «ሰምተናል» ሲሉ ገበሬው የራሱን ድርሻ ሌላ ሰው ሲበላበት ያየ ያህል ከነከነው። ድሮ ደንብ ነበረው። ነፋስ የቆራረጠው ጥሪ ሲመጣ «ድገመው» ብሎ ይመልሳል፤ ሁለተኛ ሰምቶ፣ አጣርቶ ነው የሚያስተላልፈው። አሁን ግን «ድገመው» ያለ እንደሆነ ጎልማሳው ያልፈዋል። ስለዚህ ደንቡን ቀስ በቀስ ተወው። ተወው እንኳን አይባልም፤ ረሳው።

በዚያ ሰሞን የበሬ ሌባ ተነሥቶ ነበር። የእርሻ ወቅት ነው፤ በዚያ ወቅት በሬው የተሰረቀበት ሰው ዓመቱን ሙሉ ተሰረቀ ማለት ነው። ሰዉ ሁሉ ሆዱ ቆስሎ፣ ዱላውን ከደጃፉ አቁሞ ነበር የሚውለው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከፀሐይ መውጫ ጥሪ መጣ። ነፋሱ ብርቱ ነበር። ገበሬው እርፉን ጥሎ ሮጠ። የደረሰው ቁርጥራጭ ነው። «አንካሳ ሰው… ቀይ በሬ… ወደ ፀሐይ መግቢያ ሄዷል… ያያችሁት…» የቀረውን ነፋሱ ወሰደው።

«ድገመው» ሊል አፉን ከፈተ። ዞር ሲል ጎልማሳው ጉብታው ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ሁለት እጁን ወደ አፉ እያስጠጋ ነው። ገበሬው ነፋሱ የወሰደውን በሰሞኑ ሥጋት ሞላውና ባለ በሌለ ኃይሉ ተጣራ። «አንካሳ ሰው ቀይ በሬ ሰርቆ ወደናንተ መጥቷል! ያያችሁት ያዙት!»

«ሰምተናል» አሉ ማዶዎቹ። እንደዚያ ቀን በርትተው ብለውት አያውቁም። ከየቤቱ ሰው ሲወጣ፣ አንዱ ወዲያኛው አፋፍ ላይ ሮጦ ለሚቀጥለው ሲጣራ አየ። ደረቱ ሞላ። ጎልማሳው እጁን አውርዶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ገበሬው ለሚስቱ ሊነግራት ገባ። ገብስ እያበጠረች ነበር። ነገሩን ስትሰማ እጇ ቆመ።

«አንካሳ አልክ?»

«አዎ፤ የበሬ ሌባ ነው።»

«ጠዋት በደጃችን ያለፈው ነው? በትር የያዘው? እሱ እኮ በሬ ጠፍቶበት የሚፈልግ ሰው ነው። ውሃ ሰጥቼው እዚች ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጠጣ። ሲሄድ አንተንም ሰላም ብሎሃል፤ ቀና ብለህም አላየኸው።»

ገበሬው ወደ አፋፉ ተመልሶ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ ዞሮ «ድገመው» አለ። ነፋሱ ጋብ ብሎ ነበርና ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ መጣለት። «ይርዳው የሚባል አንካሳ ሰው ቀይ በሬ ጠፍቶበት፣ እየፈለገ ወደ ፀሐይ መግቢያ ሄዷል። በሬው እዚህ ተገኝቷል። ያያችሁት ተመለስ በሉት።»

የምሥራች ነበር ልጄ።

ገበሬው ወደ ማዶ ዞሮ ተጣራ። «ሌባ አይደለም፣ ተዉት» አለ። ጆሮውን ሰጠ። «ሰምተናል» የሚል የለም። ደግሞ ተጣራ። ሰዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ዱላ ይዘው፣ ቁልቁል ሲሮጡ ይታዩታል፤ የራሳቸው ጩኸት ጆሯቸውን ሞልቶታል። ሌባ መጣ ሲባል ለመስማት የማይወጣ አልነበረም፤ ሌባ አይደለም ሲባል አፋፉ ላይ የቀረ ሰው የለም። ጉሮሮው እስኪነቀል ጮኸ። በመጨረሻ ድምፁ ተሰነጠቀና ከአፉ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ያን ጊዜ ገደሉን ቁልቁል አየና መውረድ ጀመረ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች። ድምፁ በአንድ ትንፋሽ የተሻገረውን ገደል እሱ ሥር እየጨበጠ፣ እየተንሸራተተ ወረደው። እሾሁ ልብሱን ቀደደው። ወንዙን ሲሻገር ድንጋዩ አዳልጦት ወደቀ፤ ተነሣ። ዳገቱን ሲወጣ «እስካሁን አላገኙት ይሆናል» ይላል። ጥቂት ሄዶ ደግሞ «አንካሳ ነው፤ ወዴት ያመልጣል?» ይላል። ቁጭ ብሎ ማረፍ አልቻለም፤ መሮጥም አልቻለም። በየመታጠፊያው ቆሞ ሊጣራ ይሞክራል፤ የሚወጣለት የለም።

ማዶ ሲደርስ መንደሩ ባዶ ነው። አንዲት ባልቴት ብቻ በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ወንዶቹ ወዴት ሄዱ እማማ?» አላቸው በሰለለ ድምፅ።

«አልሰማህም እንዴ ልጄ? በሬ ሰርቆ፣ ባለቤቱን ገድሎ የመጣ አንካሳ አለ። እሱን ሊይዙ ወደ ታችኛው ሜዳ ወረዱ።»

«ባለቤቱን ገድሎ? ማን አለ?»

«የማዶው ባለ ድምፅ ነዋ። እሱ ደግሞ ያልሰማውን አይጣራም።»

ገበሬው እኔ ነኝ ሳይላቸው ወደ ታችኛው ሜዳ ዞረ። ባልቴቷ ላቡን አይተው «ውሃ ላምጣልህ» ሲሉት፣ ጠዋት ሚስቱ ለዚያ ሰው የሰጠችው ውሃ ትዝ አለውና ሳይጠጣ ሄደ።

ሜዳው ላይ ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። ገበሬው እየገፋ ገባ። አንካሳው መሬት ላይ ተጋድሟል። በኋላ እንደተረዳው፣ ሰውየው በገዛ እግሩ ነበር ወደነሱ የመጣው። «ቀይ በሬ አይታችኋል?» ብሎ ጠየቃቸው። «ይኸው፣ በራሱ አፍ አመነ» አሉ። የት እንደደበቀው ጠየቁት። «እኔም እሱን ነው የምፈልገው» አላቸው። ይህን ባለ ቁጥር መቱት።

«ተዉት፤ ሌባ አይደለም። የተጣራሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው» አለ ገበሬው። ድምፁ ከአጠገቡ ላለው እንኳን በደንብ አልተሰማም።

«ማን ነህ አንተ?» አለው አንዱ።

«የማዶው ባለ ድምፅ ነኝ።»

«የእሱን ድምፅ እኛ እናውቀዋለን» አለ ሰውየው፤ ወደ ሌሎቹም ዞሮ «ይሄ ግብረ አበሩ መሆን አለበት» አላቸው።

ስንት ዓመት ሲጣራላቸው ኖሯል፤ ፊቱን ግን የሚያውቀው የለም። ገበሬው አንካሳው ላይ ተደፋበት። ለአንካሳው የተሰነዘረው ዱላ በእሱ ጀርባ ላይ አረፈ። ሌላም ተጨመረበት። እንዲህ ሳለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ደርሰው፣ ጎንበስ ብለው ፊቱን አዩት። «ቆዩ» አሉ። «ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ልጄን የዳርኩ ጊዜ መንገድ ላይ መሽቶብኝ ከቤቱ አድሬያለሁ። እሱ ራሱ ነው።»

ሰዎቹ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ አንዱ «እኔ የተባለውን ነው የሰማሁት» አለ። ሌላው «እኔ ሰው ሲሮጥ ነው የሮጥኩት» አለ። «እኔማ ለወንድሜ ነገርኩት እንጂ አጠገቡም አልደረስኩ» አለ ደግሞ አንዱ። «መታሁ» የሚል ሰው አልተገኘም። እያጉረመረሙ ተበተኑ። የአንካሳው ክንድ ግን ተሰብሯል፤ ያውም በትሩን የሚይዝበት ክንዱ።

«በሬህ ተገኝቷል» አለው ገበሬው።

ሰውየው ዓይኑን ገለጠ። «ይህን ልትነግረኝ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?»

እዚህ ላይ ገበሬው አዎ ብቻ ቢል ይመረቅ ነበር፤ እሱ ግን «ሌባ ነው ብዬ የተጣራሁብህም እኔ ነኝ» አለው።

«ታውቀኛለህ?»

«አላውቅህም።»

«ጠዋት በደጅህ ሳልፍ ሰላም ብዬህ ነበር» አለ ይርዳው።

አንካሳ፣ ክንዱም የተሰበረ ሰው ያንን ገደል በራሱ አይወጣም። ገበሬው በጀርባው አዘለው። በየመንደሩ እየቆመ፣ በየደጁ እያወረደው፣ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ «ይህ ሰው ይርዳው ይባላል። ሌባ አይደለም። ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ» ይል ነበር። አንዳንዱ ሰማው። አንዳንዱ «እሺ» ብሎ በሩን ዘጋበት። አንዳንዱ ቤት የለም። ከቤቱ አድርሶትም አላበቃም፤ ያን ወቅት የይርዳውን መሬት በቀዩ በሬና በራሱ በሬ አርሶ ዘራለት። የእሱ ማሳ ዘግይቶ ተዘርቶ ሳሳ። ሚስቱ አላማረረችም። ከእሱ ዘንድ ግን ዕረፍት ጠፍቶ ነበርና፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ከተቀመጠበት ብድግ ይል ነበር።

ይርዳው ይቅር ብሎታል የሚሉ አሉ። አላለውም የሚሉም አሉ። እኔ አላውቅም። የማውቀው ሌላ ነው። ይርዳው እስኪሞት ድረስ በዚያ ሜዳ ባለፈ ቁጥር በሬያቸውን ወደ በረት የሚያስገቡ ሰዎች ነበሩ። ጥሪውን ሰምተዋል፤ ገበሬው በደጃቸው የቆመ ዕለት ግን ቤት አልነበሩም።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ገበሬ አንቺ ነሽ። አፋፍሽ እጅሽ ላይ ያለው ስልክ ነው። የሰፈራችን መድኃኒት ሻጭ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ለሕፃን ሸጠ የሚለውን ጽሑፍ ካንቺ በፊት ሌላ ሰው ጽፎታል፤ እውነት ነው። ነፋሱም ያንቺ አይደለም። ነገር ግን አንቺን የሚያምኑሽ ሰዎች ያመኑት አንቺ ስላስተላለፍሽው ነው፤ «እሷ ዝም ብላ ነገር አትለጥፍም» ብለው። ላይክ ሲያደርጉልሽ «ሰምተናል» ማለታቸው ነበር፤ አንቺም ደስ ብሎሽ ነበር። አጥፍቼዋለሁ ትያለሽ። ከስልክሽ ላይ ጠፋ። ከዚያ «ስሕተት ነበር» ብለሽ ጽፈሻል፤ እሱን ስንት ሰው አየው? የሱቁን መስታወት የሰበሩት አይተውታል? ልጁን በትምህርት ቤት «የመርዘኛው ልጅ» የሚሉትስ?

ጥፋትሽ «ድገመው» ሳትይ ማስተላለፍሽ ነው። መልሱ ይኸው ነው። አሁን የሄደውን ወሬ ወደኋላ ልትመልሺው አትችይም፤ የቀረሽ መንገዱ ነው። ሰውየው አሁንም ከአስፋልቱ ማዶ ነው የሚኖረው። ልጅ ሳለሽ ሲያስልሽ እናትሽ ሽሮፕ የምትገዛልሽ ከእሱ ነበር። ሄደሽ በሩን አንኳኪ። ስምሽን ንገሪው፤ ያደረግሽውንም ንገሪው። ላይከፍትልሽ ይችላል፤ ቢከፍትም ላይምርሽ ይችላል። ከዚያ ጎረቤቶቹን አንኳኪ፤ ቀጥሎ የጎረቤቶቹን ጎረቤቶች። ሁሉንም አታገኚያቸውም፤ ያገኘሻቸውን ታገኛለሽ።

ተነሽ። ገና አልመሸም።