ምርጡ ጓንጉል

እሱ ይቅር ተብሎ ሌላው ይቅር ሲባል ለሚከፋው ሰው የምንላት አንዲት አባባል አለች። መነሻዋ የጓንጉል ታሪክ ነው ይባላል።

ጓንጉል ቅዳሴ የማያስታጉል፣ «እግዜር ገና በእናቴ ማኅፀን መርጦኛል» እያለ የሚኖር ሰው ነበር። ይህ ምርጥ ሰው ከሰካራሙ ከሽባባው ጋር የመበለቲቱን የእመት ትርንጎን ማር ሊሰርቅ ገብቶ ቀፎዎቻቸውን በችቦ አጋያቸው። መበለቲቱ ቄሱን አባ ጽጌን ለምነው ሁለቱንም አስገዘቱ። ከተገዘተ ሰው ቤት ደግሞ እህል የሚቀምስ የለም። የጓንጉል ልጅ ሠርግ ደርሷል፤ ጠላው ተጠንስሷል።

የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ምሕረት መለመኑ ደንብ ነው። ጓንጉል ወንዝ ወርዶ ድንጋይ ሲያማርጥ ረፈደበት፤ ከሩቅ የሚታይ፣ ግን የማይከብድ ፈለገ። እንዳይቆረቁረውም ጋቢውን አጥፎ ከሥሩ አደረገ። እመት ትርንጎና አባ ጽጌ ከአስታራቂ ሽማግሌዎች ጋር ወደተቀመጡበት ደጀ ሰላም ገብቶ ተንበረከከ። አለቀሰም፤ ሲያለቅስ ደግሞ ማን እንዳየው በጎን እየሰረቀ ይመለከት ነበር።

«ስለ እግዚአብሔር ብዬ ምሬሃለሁ» አሉት እመት ትርንጎ።

አባ ጽጌ መስቀላቸውን ሊያነሱ ሲሉ ሽባባው ባዶ እጁን እየተንገዳገደ መጣ።

«በድያለሁ፣ እመት። የምለው የለኝም።»

«አንተንም ምሬሃለሁ፣ ልጄ።»

አባ ጽጌ ቀድመው የደረሱት ሽባባው ዘንድ ነበር። ከግዝቱ ፈቱት፤ መስቀል ተሳልሞ ወጣ።

ጓንጉል ድንጋዩን መሬት ላይ ጣለው። «ድንጋይ እንኳ ሳይሸከም?»

«አንተንስ ለድንጋይህ ብዬ መች ይቅር አልኩህ?» አሉ እመት ትርንጎ።

«እኔና ያ አተላ እኩል? እኔ ፍርድ እፈልጋለሁ።»

«ተው ጓንጉል» አሉ አባ ጽጌ። «የተሰጠህን ይዘህ ግባ።»

«ይፈረድ ብያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው፣ «እንግዲያው ችቦውን የያዘ ማን ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

ጓንጉል አንገቱን ደፋ። «ሽባባውስ?» አለ።

«እሱማ ምሕረቱን ተቀብሎ ሄደ። ፍርድ የጠየቅኸው አንተ ነህ» አሉት ሽማግሌው።

ግዝቱ ጸናበት። ጋቢውን ተከናንቦ ሲወጣ ደጃፍ ላይ የቆመ መንገደኛ፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሽማግሌው ቀና ሳይሉ «ምሕረት ለምኖ ገባ፣ ፍርድ ጠይቆ ወጣ» አሉት።