ዝርዝሩ ላይ የሌለው ዱቄት

አንዲት የአልጋ ቤት ባለቤት፣ እንግዳ ረስቶት የሄደ ነጭ ዱቄት ብታገኝ ከነመጠቅለያው ወስዳ ለፖሊስ አስረከበች። ምስጋና ስትጠብቅ የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር ስንሻው እሷኑ አሰራት።

በሳምንቱ የላቦራቶሪው መልስ መጣ፦ «ዱቄቱ ጫት ውስጥ ካለው አነቃቂ ነገር ጋር የሚቀራረብ፣ ሰው ሠራሽ አዲስ ነገር ነው። ስሙ ግን ከተከለከሉት ዕፆች ዝርዝር ውስጥ የለም።»

ደብዳቤው የደረሰው ከምሳ በኋላ ነበርና ኮማንደሩ ግራ ጉንጩን እንደ ሎሚ ወጥሮ ሴትዮዋን አስጠራት።

«ዝርዝሩ ላይ የለም ብለሽ እንዳትፈነድቂ!» አላት። «እኔ ስሙን ምን አደርገዋለሁ? ሥራውን ነው የማየው። እንቅልፍ የሚነሳ፣ የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ፣ ሰው የሚያስለፈልፍ ነገር የተገኘበት ሁሉ ይታሰራል! የምትይው አለ?»

ሴትዮዋ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን የጫት ገረባ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ጉንጩን አየች።

«ምን እላለሁ ጌታዬ፣ ፍርድዎ ልክ ነው» አለች። «ብቻ የእኔ እንደታሸገ ነው የተገኘው፤ የእርስዎ ግማሹ ተውጧል። ስለዚህ ይቅደሙ። ሳምንት ስለከረምኩበት፣ ቁንጫ የማይበዛበትን ጥግ እኔ አሳይዎታለሁ።»