የጋለው ዐለትና የዘድንግል ውሃ

ምእመናን ሆይ፥ እስቲ ጆሮአችሁን ወዲህ መልሱና እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ለአንድ ዐለት ፈልፋይ ያደረገችውን ድንቅ ስሙ፤ አማላጅነቷ ከሁላችን ጋር ይሁን።

ከቆላው አፋፍ ባለ ደብር፥ ዐለት እየፈለፈለ ቤተ መቅደስ የሚያንጽ ዘድንግል የሚባል ሰው ነበረ። እርሱም እመቤታችንን እጅግ ይወድ ነበርና፥ በስሟ ውሃ የለመነውን ሁሉ ሳያጠጣ ላይመልስ ተስሎ፥ በየማለዳው ቅሉን ከወንዝ ሞልቶ ይወጣ ነበር። አንድ አመል ግን ነበረበት፤ መጠየቅ አይሰለቸውም። ብረት ያቃተውን ዐለት እንጨት አንድደው ካጋሉት በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፉበት ጧ ብሎ ይሰነጠቃልና፥ ዘድንግል መሮውን ጥሎ ስንጥቁ ላይ ያጎነብስና፥ የሰበረው እሳቱ ነው ወይስ ውሃው እያለ ይመራመር ነበር። ደግሞም ከተራራው ግርጌ ያለው ፍል ውሃ በየትኛው እሳት እንደሚፈላ፥ ምድርስ በምን ኃይል ተገፍታ ተራራ እንደሆነች ያስብ ነበር። የሥራው አለቃ ምህርካ ግን ግልፍተኛ ሰው ነበርና፥ ፈጣሪ የሸሸገውን አትነካካ፥ ይልቅ ሥራህን ሥራ እያለ ይገሥጸው ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ፥ በፈጣሪ ሥራ መደነቅ ምስጋና ነው እንጂ ድፍረት አይደለም።

ከዕለታት በአንዱ ቀን ሁለቱ በሚፈለፍሉት ዋሻ ውስጥ ሲሠሩ ምድር ተናወጠችና፥ ትልቅ ዐለት ተንዶ ደጃፉን ደፈነው፤ የምህርካንም እግር ፍርስራሹ መታው። ከላይ ጭስ የምታወጣ ጠባብ ቀዳዳ ቀረች እንጂ ሰው የሚያሳልፍ አልነበረም፤ በውጭ ያሉትም ቢገፉ ቢገፉ ዐለቱ ንቅንቅ አላለም። ከዚያም ዘድንግል ለሥራ የተከመረውን እንጨት በዐለቱ ሥር ደርድሮ ከሚሠሩበት መብራት እሳት ለኰሰበትና፥ ዐለቱ እስኪግል ድረስ አነደደው። የቀረው በቅል ያለችውን ውሃ መድፋት ብቻ ነበረ።

በዚህ ጊዜ ምህርካ ትኩሳት ይዞት፥ ምላሱም ከላንቃው ተጣብቆ፥ "ወንድሜ ዘድንግል፥ ስለ እመ ብርሃን ብለህ ውሃ አጠጣኝ" አለው። ዘድንግልም ቅሉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ቢያጠጣው ዐለቱን የሚሰነጥቅበት ውሃ የለውም፤ ቢከለክለው ሰውየው በዓይኑ ፊት ሊሞት ነው፥ ስእለቱም ሊፈርስ ነው። ምን ልሸሽጋችሁ፥ ፈራ፤ ልጆቹን አስቦም አለቀሰ። ከዚያም የምህርካን ራስ ደግፎ ጠብታ ሳያስቀር አጠጣውና፥ "እመቤቴ ሆይ፥ እሳቱን እኔ አንድጃለሁ፤ ውሃው ያንቺ ነበር፥ በስምሽ ሰጠሁት። ከእንግዲህ ያለውን አንቺ ታውቂያለሽ" አለ።

ወዲያውም ምድር ዳግመኛ ራደችና፥ በተራራው ሆድ ተሰውሮ የነበረ ምንጭ በጣራው በኩል ፈንድቶ በጋለው ዐለት ላይ ወረደበት። እንፋሎቱም ዋሻውን ሞላው፥ እነርሱን ግን አልነካቸውም፤ ዐለቱም ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ለሁለት ተከፈለ፥ የፀሐይ ብርሃንም ገባ። ዘድንግልም ምህርካን አዝሎ ወጣ።

ለለቅሶ የተሰበሰበው ሕዝብ እልል አለ፥ ካህናቱም ምስጋና አደረሱ። ምህርካ ግን እግሩ አልታዘዝ ቢለው ባዶውን ቅል ይዞ እየዳኸ ወደ ምንጩ ተመለሰና፥ ሞልቶ አመጣ፤ ከንፈሩ በጥም የተሰነጠቀውን ዘድንግልንም በሁለት እጁ አጠጣው።

እኛንም መውጫ በጠፋብን ቀን በልመናዋ ታስበን፤ ይህን የሰማውን ጆሮአችሁን ትባርክ፥ ቤታችሁንም ከመቅሠፍት ትሰውር፤ ለዘለዓለሙ አሜን።