እየራቀ የሄደው ፍል ውሃ

ከሩቅ ሲያዩት የሚያምር፣ የሚኖርበትን ግን ዓመቱን ሙሉ የሚያንቀጠቅጥ አንድ ተራራ ነበር። በበጋ ውርጩ ሣሩን ያደርቀዋል፤ በክረምት ጉሙና ዝናቡ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የተራራውን አራዊት በሕይወት ያቆያቸው ከወገቡ ላይ የሚፈልቅ ፍል ውሃ ነው። ከውሃው ዳር ባሉት ትኩስ ድንጋዮች ላይ ግማሽ ቀን የተኛ እንስሳ ሌሊቱን በሰላም ያድራል። ያልተኛው ማደሩ ያጠራጥራል።

ፍል ውሃው የአንበሳ ነበር። አንበሳ ግን ሸምግሎ ከሞቀበት መነሣት ስላቃተው ቀበሮን የውሃው ጠባቂ አድርጎ ሾመው። ቀበሮም ሥርዓት አወጣ፤ መሞቅ የፈለገ መጀመሪያ ወደ ሙቀቱ ለመቅረብ ግማሽ ቀን የውሃውን ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ከዚያ ግማሽ ቀን ይሞቃል። አንበሳና የቀበሮ ዘመዶች አይቆፍሩም። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፤ የጠየቀ ከወረፋው መጨረሻ እንደሚቆም ሁሉም ያውቃል።

ከቆፋሪዎቹ መካከል እመት ጃርት የምትባል ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ በጉድጓዱ ውስጥ ስለኖረች ድንጋይ በመዳፏ ነክታ ሙቀቱ ስንት ክንድ እንደሚርቅ ትናገራለች። ቁፋሮ ስትጀምር ውሃው ከመሬት ጋር እኩል ነበር። አሁን ሃያ ክንድ መውረድ ያስፈልጋል፤ ጉድጓዱም ወደ ታች በሄደ ቁጥር እየጠበበ ለጥቂቶች ብቻ ይበቃል። ሙቀቱ ሲርቅ ቀበሮ ቁፋሮውን ያስረዝማል፣ መሞቂያውን ያሳጥራል። በመጨረሻ ሁለት ቀን ቆፍሮ ለሩብ ቀን መሞቅ ሆነ።

አንድ የውርጭ ወር ላይ ሚዳቋ ሁለት ቀን ስትቆፍር ሰንብታ ሁለት ግልገሎቿን ይዛ ወረፋ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ ቀበሮ ከለከላት።

«ዛሬ ከማዶ ተራራ እንግዶች መጥተውብናል። ነገ ነይ» አላት።

«ታናሿ ለነገ አትደርስም፣ አያ ቀበሮ።»

«የኔ ሥራ ወረፋውን ማስጠበቅ ነው።»

ግልገሏ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች። እመት ጃርት መቃብሩን ቆፈረችላት። ሚዳቋ አላለቀሰችም፤ «ሁለት ቀን ቆፍሬያለሁ እኮ» ብቻ ትላለች፤ መልሳ መላልሳ።

«አውቃለሁ» አለቻት ጃርት። «አብረን ነው የቆፈርነው።»

በማግስቱ እመት ጃርት ወደ ተራራው ምሥራቅ ሄደች። እዚያ ነፋስ የማይደርስበት፣ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ጥቁር ገደል አለ። ከሰዓት በኋላ መዳፏን ስታሳርፍበት ዐለቱ ገና ይሞቃል። በሥሩ ዋሻ ቢፈለፈል ሙቀቱን ይዞ ያድራል ብላ አሰበች። ተመልሳ ጉባኤ እንዲጠራ ጠየቀች፤ ከብዙ ምልልስ በኋላ ተጠራ።

«በእናቶቻችን ዘመን ውሃው ላይ ነበር» አለች። «ዛሬ በቁፋሮ የምናወጣው ጉልበት በመሞቅ ከምናገኘው ይበልጣል። እየሞቅን አይደለም፤ እየደከምን ነው። ግማሾቻችን እዚህ እንቆይ፣ ግማሾቻችን ምሥራቁን ገደል እንፈልፍል። በብራ ቀን እዚያ እንሞቃለን፤ ለደመናው ቀን ፍል ውሃው ይቆየናል።»

ቀበሮ በትሕትና ተነሣ። «እመት ጃርት ያሉት መልካም ነው። ግን ፀሐይን ማን ያዛታል? የቀረች ቀን ለማን አቤት ይባላል? ፍል ውሃው እኮ ጠባቂ አለው።»

«ጠባቂማ አለው» አለች ጃርት። «የጎደለው ሙቀት ነው።»

ከማዶ ተራራ የመጣው እንግዳ አያ ጅቦ የመናገር ፈቃድ ጠየቀ። «እኛ አገር ፍል ውሃው ካለቀ ቆየ። አባቶቻችን ሞቁበት፣ አለቀ። ከዚህ ተምረን የምንመክራችሁ በጥቂቱ መሞቅን እንድትለምዱ ነው።»

«እናንተስ፣ አያ ጅቦ?» አለች ሚዳቋ።

«እኛማ እንግዶች ነን።»

አንበሳ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ነገሩ በጥንቃቄ ይጠና ብሎ በዝንጀሮ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ትኩሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁለት ወር አጠና። ቁፋሮው በእጥፍ ከጨመረ ፍል ውሃው መቶ ዓመት ይበቃል፤ የምሥራቁ ገደልም ወደፊት ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው ሲል እንደገና ለተጠራው ጉባኤ አስታወቀ። ሁሉም አጨበጨበ። ጃርት መልስ ለመስጠት ብትነሣም ጉባኤው ተበትኖ ነበር።

እመት ጃርት፣ ሚዳቋና አራት ሽኮኮዎች የግዴታ ቁፋሯቸውን ሲጨርሱ ወደ ምሥራቅ እየሄዱ ዐለቱን መፈልፈል ጀመሩ። የጃርት ጥፍሮች ተሰባበሩ። አንዱ ሽኮኮ ሰልችቶት ተመለሰ፤ ሌሎቹ ቀጠሉ። በስምንት ወር ሰባት ትናንሽ ዋሻዎች አወጡ። እዚያ ያደረ እንስሳ በበነጋው ሳይንቀጠቀጥ ሲታይ ወሬው ተዛመተ፤ የፍል ውሃው ወረፋም አጠረ።

አንድ ቀን ቀበሮ ሊጎበኝ መጣ። ዐለቱን በመዳፉ ነካ፣ ሥራውን አደነቀ፣ ሄደ። በሳምንቱ አዋጅ ተነገረ። በተራራው ላይ የምታርፍ ፀሐይ የአንበሳ ናት፤ ዋሻዎቹ ከዛሬ ጀምሮ በቀበሮ ሥር ይሆናሉ፤ በዋሻ ማደር የሚፈልግ አስቀድሞ ሁለት ቀን ፍል ውሃውን ይቆፍራል።

«እዚህ ለመሞቅ እዚያ የምንቆፍረው ለምንድን ነው?» ስትል ጃርት ጠየቀች።

«ሥርዓቱ እንዳይፈርስ» አላት ቀበሮ።

ስለዚህ ሁሉም ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ፤ እንደ ኮሚቴው ምክርም በእጥፍ ተቆፈረ። ጃርት «ከታች ያለው ድንጋይ ቀዝቅዟል፣ አቁሙ» ብላ ለቀበሮ ሦስት ጊዜ ላከች። በሐምሌ አጋማሽ ቆፋሪዎቹ ከመሬት ውስጥ ያለ የቀዝቃዛ ውሃ መንገድ በሱ። ጉድጓዱ በግማሽ ቀን እንደ በረዶ በሚቀዘቅዝ ውሃ ተሞላ። አንበሳን ተሸክመው አወጡት። ሁለት ቆፋሪዎች ግን ከታች ቀሩ።

ዝናቡ ባባራበት ጠዋት አራዊቱ ሁሉ ከምሥራቁ ገደል ሥር ተሰበሰቡ። በመጀመሪያው ዋሻ አንበሳ ገባ። በአራቱ የቀበሮ ዘመዶች፣ በሁለቱ የማዶ ተራራ እንግዶች ገቡ። የቀረው ሁሉ እንደራሰ ከደጅ ቆመ።

አንበሳ ከዋሻው አንገቱን አውጥቶ ሕዝቡን ተመለከተ። በእውነት ያዘነ ይመስል ነበር።

«ይህን ያህል ጠባብ የሆነው ለምንድን ነው?» አለ። «እስከ ዛሬ ምን ስትሠሩ ነበር?»

ዝንጀሮ መሬት መሬት አየ። ሁሉም ወደ እመት ጃርት ዞሩ።

«ስንቆፍር ነበር፣ ጌታዬ» አለች።

«የት?»

ጃርት በተሰባበረ ጥፍሯ ወደተራራው ወገብ አመለከተች።

ያኔ ሚዳቋ የተረፈላትን ግልገል ከፊቷ አድርጋ ከሕዝቡ መሐል ወጣችና በራሷ እጅ ወደፈለፈለችው ዋሻ አመራች።

«ተራሽ አይደለም» አላት ቀበሮ።

በአጠገቡ አልፋ ገባች።

ቀበሮ ወደ አንበሳ አየ። አንበሳ ከደጅ ወደቆሙት አየ። ከደጅ ከቆሙት አንዳቸውም ወደኋላ አልተመለሱም። ፀሐይዋ ዐለቱ ላይ ወጣች።