ደብሪቱና አምስተኛዋ ኮከብ

ጆሯችሁን አውሱኝ፣ ተረት ላውራችሁ። ካልጣማችሁ ኮከብ ቀንሱብኝ፤ እኔ እንደሆን አልፈራም።

ሐይቅ ከተማ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ያላት ሐይቁን ቁልቁል የምታይ አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋን በገዛ እጇ መርጋ፣ ለመንገደኛ በአዳር እያከራየች በእሷው ትተዳደራለች። መንገደኛ ክፍሏን የሚያገኛት በስልክ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ይዘረዝርላታል። እንግዳው ለቤቱ ከአምስት ኮከብ ይሰጣል፣ ባለቤቷም ለእንግዳው ትሰጣለች።

አንድ ጊዜ ጡረተኛው መምህር ስንሻው የቤታቸው ጣሪያ እስኪጠገን ሦስት ቀን አረፉባት። ሲወጡ መረቋት፣ በስልካቸውም እንዲህ ያለ ቤት አላየሁም ብለው ጻፉ። ኮከብ ግን አራት ሰጡ። ድርጅቱ ደግሞ አራት ነቀፋ ነው የሚል ደንብ ነበረው። በማግስቱ ክፍሏ ከስልክ ላይ ጠፋች። መምህሩ በአሥር ቀን ውስጥ ካላስተካከሉ ጠፍታ ትቀራለች ተባለ።

ደብሪቱ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ መምህሩ ዘንድ ሄደች። ምን እንዳጎደለችባቸው ጠየቀች። ምንም አላጎደልሽም አሏት።

“ታዲያ አምስተኛዋ የት ገባች?”

“ሙሉ ማርክ የፈጣሪ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳስተምር ለማንም ሙሉ ሰጥቼ አላውቅም። ለጎበዝ የሚሰጠውን ሰጥቼሻለሁ፤ የተሰጠ ማርክ አይነካም።”

ሌላ ሴት ብትሆን አልቅሳ ትመለስ ነበር። ደብሪቱ ግን መምህሩን በየቀኑ ገበያ የሚያደርሰውን ባጃጅ ነጂ ፈልጋ ያዘችው።

“ባጃጅ፣ ባጃጅ፣ መምህሩን አትጫን። መምህሩ ኮከብ አልጨምርም አሉ፣ ያለ ኮከብ ክፍሌ ጠፋች፣ እኔም ዝም አልልም።”

ባጃጁ አንገቱን ደፋ። ተሳፋሪ በስልክ ከከሰሰው ከመስመር ያስወጡታል። “እትዬ ደብሪቱ፣ የፈሪ እናት አታለቅስም” ብሏት ሞተሩን አስነሳ።

ቀጥላ ወደ ማደያው፣ ቤንዚን ቀጂው ዘንድ።

“ቀጂ፣ ቀጂ፣ ለባጃጁ አትቅዳ። ባጃጁ መምህሩን እጭናለሁ አለ፣ መምህሩ ኮከብ አልጨምርም አሉ፣ ያለ ኮከብ ክፍሌ ጠፋች፣ እኔም ዝም አልልም።”

ቀጂው በር ላይ የተሰቀለችውን የአስተያየት ሳጥን በአገጩ አሳያት። በወር ሁለት ቅሬታ ከገባበት ከሥራ ይባረራል። እቀዳለሁ አለ። ምን ታርገው!

ቀጂው ምሳውን የሚበላው አረጋሽ ዘንድ ነው፤ አረጋሽ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች።

“ጠባሽ፣ ጠባሽ፣ ለቀጂው አትጥበሺ። ቀጂው ለባጃጁ እቀዳለሁ አለ፣ ባጃጁ መምህሩን እጭናለሁ አለ፣ መምህሩ ኮከብ አልጨምርም አሉ፣ ያለ ኮከብ ክፍሌ ጠፋች፣ እኔም ዝም አልልም።”

አረጋሽ አዘነችላት፣ ትኩስ ዓሣም አቀረበችላት። ግን እሷም በዚያው ድርጅት ስልክ ላይ ተዘርዝራለች። አንድ የተራበ ሰው ቢከሳት እሷም ትጠፋለች። እጠብሳለሁ አለች። አያችሁ፣ አገሩ ሁሉ ኮከብ ፈርቶ ጎንበስ ብሏል። ቀና ያለችው ክፍሏ የጠፋባት ሴት ብቻ ናት።

ደብሪቱ አዲስ አበባ ደወለች። የድርጅቱ ኃላፊ አቶ ናትናኤል አነሳው።

“ኃላፊ፣ ኃላፊ፣ ጠባሿን ተቆጣ። ጠባሿ ለቀጂው እጠብሳለሁ አለች፣ ቀጂው ለባጃጁ እቀዳለሁ አለ፣ ባጃጁ መምህሩን እጭናለሁ አለ፣ መምህሩ ኮከብ አልጨምርም አሉ፣ ያለ ኮከብ ክፍሌ ጠፋች፣ እኔም ዝም አልልም።”

ኃላፊው ስሟን እንኳ አልጠየቀም። ደንብ ነው አለና ዘጋው።

በዘጠነኛው ቀን የሐይቁ ገዳም ንግሥ ሆነ። ከተማው በሰው ተጨናነቀ፣ አልጋ ጠፋ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ሻንጣ የያዘ ሰው ደብሪቱ በር ላይ ቆመ። አቶ ናትናኤል እንደሚባል ነገራት። ድምፁን ወዲያው አወቀችው።

“እናቴ፣ ባዶ ክፍል አለዎት አሉኝ።”

“የለኝም።”

“አልጋው ይኸው ይታየኛል።”

“ስልክህን አውጣና ፈልጋት።” ፈለገ። የለችም። “እንግዲህ ስልክህ የለም ያላትን ክፍል እኔ ከየት አምጥቼ ልስጥህ?”

እንግዳ ነውና ውሃ ሰጠችው፣ የእንጨት ዱካዋ ላይ አስቀመጠችው። አልጋውን ግን አልሰጠችውም። ኃላፊው አምስተኛዋን ኮከብ ልጨምር ብሎ ስልኩን ጎረጎረ፤ ለካ የተሰጠን ኮከብ ከሰጪው በቀር ማንም አይነካም የሚል ሌላ ደንብ አውጥቷል። እንግዲያው ጠባሿን ተቆጣ አለችው።

ኃላፊው ጠባሿን ተቆጣ፣ ጠባሿ ለቀጂው አልጠብስም አለች፣ ቀጂው ለባጃጁ አልቀዳም አለ፣ ባጃጁ መምህሩን አልጭንም አለ፣ መምህሩም በእግራቸው፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ በቁጣ ደብሪቱ ቤት ደረሱ።

ደብሪቱ አልለመነችም። “መምህር፣ አራትዎ ምርቃት እንደሆነች እኔ አውቃለሁ። ነቀፋ ናት የሚለው ይሄ ሰው ነው።”

መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ኃላፊውን አዩት።

“አራት ከአምስት ነቀፋ ነው? አንተን ማነው ያስተማረህ?”

መምህሩ ስልካቸውን አውጥተው ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ፣ ፈጣሪ የራሱን ድርሻ ለእንግዳ ተቀባይ ብለቅበት አይቀየመኝም ብለው አምስተኛዋን ጨመሩ። ክፍሏ ስልኩ ላይ ብቅ አለች፣ ኃላፊውም ገብቶ ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

ጠዋት አመስግኖ ሄደ። ለእንግዳ ኮከብ መስጠት የደብሪቱ ተራ ነውና ሰጠችው።

ኮምቦልቻ ጉዳይ ይዞት መሸና ማረፊያ ፈለገ። አንድም ቤት አልቀበል አለው። ደብሪቱ ዘንድ ደወለ።

“እናቴ፣ ምን አጠፋሁ? ለምን አራት ሰጡኝ?”

“ምንም አላጠፋህም ልጄ። ሙሉ የፈጣሪ ነው።”

“እባክዎ ያስተካክሉልኝ።”

“የተሰጠ ማርክ አይነካም።”

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ኃላፊው መንገድ ዳር ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ደንቡን ፋቀው፤ አራት ምስጋና ነው ብሎ ጻፈ። የእሱም ማረፊያ ተገኘ፣ በየአገሩ በአንዲት አራት የጠፉ ክፍሎችም ሁሉ ተመለሱ።

የእኔም ተረት እዚህ ላይ አበቃ። አራት ስጡኝ፣ ይበቃኛል፤ አምስተኛዋን ለባለቤቱ ተዉለት።